የሙሉ ድምፅ

ባለፈው የገና ዋዜማ ልጄ ማርታ ድምፅዋ ተዘጋ። በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለብዙ ቀን የገና መዝሙር ሲያጠኑ ሰንብተዋል፤ የታኅሣሥ የደሴ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ጠዋት ስትነሳ ከጉሮሮዋ የወጣው ነገር ዘይት የጠማው በር ይመስል ነበር። ዝንጅብል አፍልቼ፣ ማር ጠብ አድርጌበት፣ አንገቷን በነጠላዬ ጠቅልዬ ከአልጋዋ እንዳትወርድ አዘዝኳት። እሷ ግን እንባዋን ታፈሳለች።

«እማዬ፣ ያለ እኔ እንዴት ይሆናሉ?» አለችኝ።

በዚያ ዕድሜ ሁሉም እንደዚያ ያስባል። እኔም ልጅ ሳለሁ ከረድፌ ብጎድል የካቴድራሉ ጣሪያ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ላጽናናት ብዬ «በሹክሹክታም እኮ ይዘመራል» አልኳት። እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ሳቀችብኝ።

«ደግሞ በሹክሹክታ ማን ይዘምራል?»

ኩባያውን ተቀብያት ወደ ማድ ቤት ወጣሁና እቃ ማጠቢያው ፊት ብዙ ቆሜ ቀረሁ። ስለ ሙሉ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። እንዲያውም ለማንም በቅጡ አውርቼው አላውቅም። ጂዳ ሠርተው የተመለሱ ሴቶች ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ወርቅና ስለ ሻንጣ ነው፤ ሌላውን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ይዘነው እንኖራለን።

ሙሉና እኔ እዚሁ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በአንድ አጥር ግቢ ነው ያደግነው። እናቷ በክረምት የበቆሎ እሸት ጠብሳ፣ በበጋ ቆሎ ቆልታ መናኸሪያ ትሸጥ ነበር። ሁለታችንም ነፍስ ሳናውቅ ነው ሰንበት ትምህርት ቤት የገባነው። እኔ ከብዙዎቹ አንዷ ነበርኩ፤ ሌሎቹ ሲሉ እላለሁ፣ ሌሎቹ ሲያሸበሽቡ አሸበሽባለሁ። ሙሉ ግን ሌላ ነበረች። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግራት አንገቷን የምትደፋ ልጅ፤ አፏን ለመዝሙር ስትከፍት ግን ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ግራ ይገባል። አስተማሪያችን መጀመሪያ ፊት ረድፍ አቆሟት፤ የሁላችንንም ድምፅ ዋጠችው። ወደ መሐል አገቧት፤ አሁንም ዋጠችው። በመጨረሻ ከኋላ፣ ከበሮዎቹ አጠገብ ወሰዷትና «አሁን ገና እናንተም ተሰማችሁ» አሉን።

በልደት በዓል ነጭ ቀሚስ ለብሰን፣ ጧፍ ይዘን ስንዘምር፣ ከበሮው ደምቆ ደምቆ ድንገት ጸጥ የሚልበት ቦታ ነበረ። እዚያ ላይ ሙሉ ብቻዋን ትቀጥላለች። ድምፅዋ ወደ ጉልላቱ ይወጣና እዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ሁለት ሰው የዘመረ ይመስል፣ መልሶ በላያችን ላይ ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ለእኛ ልጆቹ፣ ዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ያለ አይመስለንም ነበር።

ትምህርት ስንጨርስ ዘመኑ የዓረብ አገር ዘመን ሆነ። የሰፈራችን ሴት ልጅ ሁሉ ወይ ሄዳለች፣ ወይ ልትሄድ ፓስፖርት ላይ ናት። የሄደችው የእናቷን ቤት በቆርቆሮ ታድሳለች፤ ያልሄደችው የሰው ቤት እያየች ትቀመጣለች። የኛን ጉዳይ የያዘው ደላላ ክርስቲያን ስም ያለው ወረቀት ቶሎ አያልፍም አለን። እኔን ከድጃ፣ ሙሉን ዘይነባ አደረገን። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አልከበደንም። ወሎ ተወልዶ አሰላሙ ዓለይኩም ማለት የሚቸግረው ሰው የለም፤ በኢድ እንጠራለን፣ በፋሲካ እንጠራለን፣ ግቢያችን ውስጥ ግማሹ ሰው ሙስሊም ነበር። ሻርባችንን እንዴት እንደምናስር ያሳዩን እንኳ ጎረቤታችን እማማ ሰዓዳ ናቸው፤ ሲሸኙን አልቅሰው፣ ዱዓ አድርገውልናል።

ጂዳ የተቀበሉን ሁለት እኅትማማቾች ነበሩ። በኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ ካርቶን እንደሚመርጥ ሰው ከበው አዩን። ትልቋ እኔን ወሰደችኝ፤ ቤቷ እዚያው ጂዳ ነበር። ታናሿ ሱዓድ ሙሉን አዙራ አየቻት፣ እጇን ገልብጣ አየቻት፣ አገጯን ይዛ «አፍሽን ክፈቺ» አለቻትና ጥርሷን ተመለከተች። ከዚያ «ኸላስ፣ በቃ፣ ይቺን» አለች። ሱዓድ የምትኖረው መካ፣ መንሱር የሚባለው ሰፈር ነበር። ስንለያይ መተቃቀፍ እንኳ አልቻልንም፤ ሙሉ የመኪናው መስታወት ላይ መዳፏን ለጥፋ እያየችኝ ሄደች።

የኔ ማዳም መጥፎ ሰው ነበረች ማለት ይከብደኛል። አትመታኝም፤ ምግብ አትከለክለኝም። ስትወጣ ግን በላዬ ቆልፋ ነው የምትወጣው፤ የምተኛውም የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሳሙናና በእርጥብ ልብስ ሽታ መሐል ነበር። የጂዳ ወበቅ ሰው ላይ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው የሚወድቀው። የደሴን ጭጋግ እያሰብኩ ግንባሬን ሴራሚኩ ላይ አደርግ ነበር።

የሕንፃውን ደረጃ የምታጥብ አንዲት ሐበሻ ነበረች፤ እትዬ ደብሪቱ እንላት ነበር። ሰፋ ያለ ትከሻ፣ የማይቸኩል አነጋገር ያላት፣ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ ሴት ናት። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ፌስታሉ ደረጃው ላይ ፈነዳብኝና «በስመ አብ!» አልኩ። መጥረጊያዋን አቁማ አየችኝ።

«ከድጃ ነው ያሉኝ ስምሽን?»

ጎንበስ ብዬ ቆሻሻውን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ነይ እንልቀመው» አለችና አብራኝ አጎነበሰች። ከዚያ፣ ቀና ሳትል፣ «ዓርብ ዓርብ ወደ ማምሻው፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ጉለይል ሰፈር እንሰበሰባለን። ማዳምሽን እኔ አናግራታለሁ፣ ዘመዴ ናት እላታለሁ» አለችኝ።

እትዬ ደብሪቱ ካስመጣቻት አሠሪዋ ቤት ከጠፋች ቆይታለች፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ጉለይል ያረጀ ፎቅ ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የሰፈሩ ሽታ አሁንም ይመጣብኛል፤ ከምድጃ የወጣ ትልልቅ የተሚስ ዳቦ፣ የታፈነ የውኃ መውረጃ፣ በየመስኮቱ የተሰጣ ልብስ። ማዳም ፈቅዳልኝ ዓርብ ዓርብ እዚያ ስገባ ሻርቤን አወልቃለሁ፣ ስሜ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አሰለፈች እሆናለሁ።

በሹክሹክታ ሲዘመር ያየሁት እዚያ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ሴት ተቃቅፎ ይቆማል። ኤሲው አርጅቶ እንደ ወፍጮ ስለሚጮኽ እሱን እናበራዋለን፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የኳስ ጨዋታ እንከፍታለን። ከበሮ የለም፤ አንዷ የሶፋ ትራስ አንገቷ ላይ አንግታ በመዳፏ ትመታዋለች፣ ዱፍ ዱፍ ይላል። ከጎረቤት ሰው ቢሰማን፣ ቢጠቁምብን፣ ሁሉም ነገር ያበቃል። አብዛኞቹ ወረቀት የላቸውም፤ ተይዘው እስር ቤት የገቡ፣ ከእስር ቤት በባዶ እጃቸው ወደ አገር የተጫኑ ስንት ነበሩ። ስለዚህ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሽ ይወጣል፣ ድምፅ ግን ጉሮሮ ላይ ይያዛል። ሰው እንደዚያ ሲዘምር ከጮኸ ሰው ይበልጥ ይደክመዋል። ስንጨርስ ድንጋይ የተሸከምን ያህል ያልበን ነበር።

ገና ሲቃረብ እትዬ ደብሪቱ ራሷ የገጠመችውን መዝሙር አመጣችልን። «ማደሪያ ያጣኸው፣ ማደሪያችን ሁን» ይላል አዝማቹ። መጀመሪያ ስትለው ማናችንም አልተቀበልናትም። እኔ ከማሽኑ ጋር፣ ሌላዋ ከሽንት ቤቱ በር ሥር፣ ሌላዋ በረንዳ ላይ ነበር የምንተኛው፤ ሁላችንም አቀርቅረን ለየራሳችን አለቀስን። እሷ ታገሠችንና «ይሄ ብቻዋን የምትመራው ይፈልጋል» አለች።

«መካ አንዲት ልጅ አለች» አልኩኝ። ስለ ሙሉ፣ ስለ ካቴድራሉ፣ ስለ ጉልላቱ ነገርኳቸው። አፌን ከፍቼ ነበር የማወራው። «እሷ ከመጣች ግድግዳው ይዘምራል!»

እትዬ ደብሪቱ ፈገግ አለች። «እኛ እኮ የምንፈራው እሱን ነው፤ ግድግዳው እንዳይዘምር።»

በዚያው ሰሞን ማዳም እኅቷን ልትጠይቅ መካ ስትሄድ ልጆቹን እንድይዝላት ወሰደችኝ። መንገዱ በጥቋቁር ድንጋይ ተራሮች መሐል ነው የሚያልፈው፤ ሙስሊም ያልሆነ እንዳያልፍ የሚከለክለው ኬላ ጋ ስንደርስ ሻርቤን ወደ ግንባሬ ሳብ አደረግሁ። ወታደሩ ኢቃማዬ ላይ ያለውን ስም አየ፣ እኔን አየ፣ «የላ» አለ፤ አለፍን።

በሩን የከፈተችልን ሙሉ ነበረች። ከአፍንጫዋ ሥር እስከ አገጯ፣ ካርቶን የሚታሸግበት ሰፊ ቡናማ ፕላስተር ተለጥፎባታል። ጥርሷን ያመማት መስሎኝ «ምነው አንቺ?» ብዬ ልስቅ ቃጣኝ። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለችና መንገድ ለቀቀችልን።

«ሱዓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች የኔ ማዳም።

ሱዓድ ከሳሎን እየሳቀች መጣች። «ምን ላድርግ? ልጄን ልትወስድብኝ ነው። ሪም ትናንት ውኃ ስትጠማ በሷ ቋንቋ ነው የጠየቀችኝ። በሷ ዘፈን ካልሆነ አልተኛም ትላለች። እኔ ቤቴ ውስጥ ሐበሻ አላሳድግም።»

የኔ ማዳም ፕላስተሩን ደግማ አየችው። ቅር ብሏታል፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ዓባያዋን አውልቃ እጄ ላይ ጣለችና ስለ ወንድማቸው ኒካህ፣ ስለ ሠርጉ፣ ማውራት ጀመሩ። ሙሉ ሻይ አቀረበች። ተምር አቀረበች። ልጆቹ በአጠገቧ ይሯሯጣሉ፤ ፊቷን ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ ከቤቱ ዕቃ እንደ አንዱ ለምደውታል። ከአራት ዓመት የማትበልጠው ሪም አሻንጉሊቷን ይዛ ወደኔ መጣች። የአሻንጉሊቷ አፍ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ይቺ ዘይነባ ናት» አለችኝ፣ የአሻንጉሊቷን ፀጉር እያሻሸች። ልጅቷ ሙሉን ትወዳት ነበር። ስትወዳት ነው እንደዚያ ያደረገችው።

ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ ማድ ቤት ተገናኘን። ሙሉ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሯ ያዘችና ቀስ፣ ቀስ አድርጋ ላጠችው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዐረፋ በፊት።» ድምፅዋ የሷ አይመስልም፤ አቧራ የያዘ ዓይነት ሆኗል። «ስበላ ታነሳልኛለች። ልጆቹ ሲተኙም።»

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ነገረችኝ። አንድ ቀን ሪም፣ ሙሉ ስታስተኛት የምታንጎራጉርላትን መዝሙር እንግዶች ፊት ማንጎራጎር ጀመረች። ከእንግዶቹ አንዷ ከወሎ የመጡ፣ መካ ላይ ወልደው የከበዱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱዓድ «ቋንቋሽ ነው፤ ምን እያለች ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ መዝሙር እንደሆነ ወዲያው ገብቷቸዋል። ሙሉን አየት አደረጓትና «ሕፃን ማስተኛ ነው፣ ማሻአላህ፤ እኛም በዚህ ነው ያደግነው» አሉ።

«አዳኑኝ፤ እስር ቤት ነበር የምገባው» አለች ሙሉ። «ሱዓድ ግን መዝሙር ሆነ እሹሩሩ ግድ አልሰጣትም። ልጅዋ በኔ ድምፅ መተኛቷ ነው ያንገበገባት።»

ስለ ጉለይል ነገርኳት፤ የእትዬ ደብሪቱን መዝሙር በጆሮዋ አልኩላት። አንዴ ነው የሰማችው። ኮሪደሩ ላይ የልጅ ኮቴ ሲሰማ ፕላስተሩን መልሳ ለጠፈችው፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን እያጠበች፣ በተዘጋ አፍ፣ በአፍንጫዋ አንጎራጎረችው። ዜማውን ሳትስት፣ ከእኔ ይበልጥ አስተካክላ።

የወንድማቸው ኒካህ የዋለው ገና በገባበት ሳምንት፣ ዓርብ ነበር። እኛም ገናን የምናከብረው በሚመቸን ዓርብ ነው። ሱዓድ ለሥራ እንድታግዝ ሙሉን ይዛት ጂዳ መጣች፤ አማቾች ስላሉ ለዚያ ቀን ፕላስተሩን አንስታላታለች። ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ፀጉር ሊሠሩ ወጡ፤ ልጆቹን አያታቸው ዘንድ ወሰዷቸው፤ በሩን መቆለፍ በጥድፊያ ረሱት። እንደ ሌላው ዓርብ ሁሉ እትዬ ደብሪቱ የላከችው ታክሲ ነጂ ከሕንፃው ጀርባ ይጠብቀን ነበር።

በኑዝላ ሰፈር በኩል አለፍን። ሙሉ ኒቃቧን ለብሳ በመስኮቱ ታያለች፤ ጎዳና ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ ግንብ ተደግፈው ሥራ የሚጠብቁ ወንዶች፣ ባሕሩ ባይታይም ጨው የሚሸት ነፋስ። «ሰው እንዴት ብዙ ነው» አለች። ከመካው ቤት ወጥታ አታውቅም ነበር።

ቤቱ እንደ በዓል ቤት ሆኖ ጠበቀን። ዓርብ ጾም ስለሆነ ምስር ወጥ ተሠርቷል፣ ድፎ ዳቦው በላስቲክ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሴቶቹ ዓባያቸውን ሲያወልቁ ከውስጥ የአገር ልብስ ለብሰዋል፤ ክፍሉ በአንዴ ነጭ ሆነ። ሙሉ ኒቃቧን ስታነሳ ሁሉም የፊቷን ቁስል አዩት። ማንም አልጠየቃትም። እዚያ ቤት የሌላውን ቁስል መጠየቅ ነውር ነበር። እትዬ ደብሪቱ ብቻ ነጠላ አለበሰቻትና ጉንጯን በመዳፏ ያዘች፤ «እንኳን መጣሽልን ልጄ» አለቻት።

ኤሲው ተነሳ። ኳሱ ተከፈተ። ትራሱ ዱፍ ዱፍ ማለት ጀመረ። ሁላችንም በትንፋሻችን አዝማቹን አልን፤ ወዲያና ወዲህ አልን። ሙሉ ከኋላ፣ ከትራሱ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ማንም ሳያቆማት፣ ድሮ ቦታዋ ላይ። ከዚያ ትራሱ ጸጥ አለ፤ ተራዋ ደረሰ።

አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከንፈሯ ሲሰነጠቅ አየሁት፤ ደም ጠብ አለ። እትዬ ደብሪቱ «አይዞሽ» የሚል ምልክት ሰጠቻት። እኔ እጆቼን ጨብጬ በልቤ እየገፋኋት ነበር።

ወጣ። ያ የካቴድራሉ ድምፅ፣ ያ ጉልላቱን የሚነካው፣ እንዳለ ወጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ተይዞ የቆየው ሁሉ በአንዴ ነው የወጣው፤ ከዝምታ ሌላ ነገር ያልለመደ ጉሮሮ ማሳነስ ከየት ያመጣል? ኤሲው አልተሰማም። ኳሱ አልተሰማም። «ማደሪያ ያጣኸው» ስትል የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ዓይኖቿን ጨፍናለች፣ ፊቷ ደሴ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ የሚያምር ነገር አልሰማሁም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼም አላውቅም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ።

እትዬ ደብሪቱ ሁለት እርምጃ አልሞላትም። ዘላ መጣችና በመዳፏ የሙሉን አፍ አፈነችው። ያን የቆሰለ አፍ። ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ያዘቻት።

ሙሉ ዓይኖቿን ገለጠች። ከዚያ እጅ በላይ ያሉት እነዚያ ዓይኖች በየተራ አዩን፤ እኔ ላይም ደረሱ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ሁላችንም ጆሯችን በሩ ላይ ነበር። ከጎን ቤት አንድ ሰው ግድግዳውን ደበደበ፤ በማናውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጮኸ። ከዚያ ተወው። ደረጃ ላይ የሚወጣ ኮቴ ሰማን፤ ሦስተኛ ፎቅ ጋ ደርሶ አልፎን ወጣ። ኳስ አስተላላፊው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ጎል ብሎ ይጮኻል። እሱ እንደልቡ ይጮኻል።

ምንም አልመጣም። ፖሊስ አልመጣም፣ በር ያንኳኳ የለም። እትዬ ደብሪቱ እጇን ስታነሳ መዳፏ ላይ ደም ነበር።

«ጮህኩ?» አለች ሙሉ፣ በጣም ዝግ ብላ።

«ጮህሽ የኔ ልጅ። ሁላችንንም ልታስጨርሺን ነበር።»

«አልጮህኩም» አለች ሙሉ። «ዘመርኩ።»

ነጠላውን አወለቀች፣ አጠፈችው፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። ዓባያዋን ለበሰች። እትዬ ደብሪቱ ክንዷን ልትይዛት ሞከረች፤ «ብዪ እንጂ፣ እህል ቅመሺ፣ በዓል ነው» ትላለች፤ ሙሉ ክንዷን በእርጋታ አስለቀቀች። ደረጃው ሥር ደረስኩባት።

«እዚህ ቅሪ፤ እትዬ ደብሪቱ ታስቀምጥሻለች። ወደ ሱዓድ አትመለሺ» አልኳት።

«ወደ ሱዓድ አልመለስም» አለች። «እዚህም አልመለስም።»

«የት ትሄጃለሽ? ሰው አታውቂ፣ ወረቀት የለሽ!»

በልብስ መስጫዎቹ ሥር፣ በዳቦ ቤቱ ወረፋ መሐል አልፋ ከጥቁር ዓባያዎቹ ጋር ተቀላቀለች፤ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ። የመግሪብ አዛን ጀመረ። እኔ መመለስ ነበረብኝ።

ማዳም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መታችኝ። ሱዓድ ግን አልመታችኝም፤ ሙሉ የት እንደሄደች ጠይቃኝ አላውቅም ስላት ረጅም ጊዜ አየችኝና ለእኅቷ «ይቺን ትሰጪኛለሽ» አለቻት። የኔ ማዳም አሁንም ቅር እያላት እሺ አለች። በማግሥቱ ልብሴን በፌስታል ይዤ፣ በዚያ ኬላ አልፌ፣ መካ ገባሁ። የሙሉን ፍራሽ፣ የሙሉን ጓንት፣ የሙሉን መጥረጊያ ወረስኩ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሪም እየሮጠች ማድ ቤት መጣች። ትንንሽ እጆቿ ያንን የፕላስተር ጥቅል ይዘዋል። የሠራተኛዋ ዕቃ ስለሆነ፣ ሠራተኛዋ ደግሞ ጠፍቶባት የምትፈልገው ስለመሰላት፣ አምጥታ ሰጠችኝ። «ይኸው ያንቺ» አለችኝ፤ መርዳቷ ነው። ሱዓድ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ጥቅሉን ተቀበልኩና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሱዓድም አልለጠፈችብኝም። አያስፈልግም ነበር፤ ውሌን ጨርሼ እስክወጣ እዚያ ቤት ውስጥ «ነዓም» እና «ሓዲር»፣ አቤትና እሺ፣ ከማለት ሌላ አፌን አልከፈትኩም። ልጅቷ ግን ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ ያን የጉለይሉን መዝሙር በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ከሙሉ የለመደችው እንደዚያ ነዋ፤ አፍ ተዘግቶ የሚዜም ዘፈን ነው የመሰላት። ሱዓድ በአጠገቧ ስታልፍ ትሰማዋለች፤ ምን እንደሆነ አታውቅም። ፀጉሯን ዳበስ አድርጋት ታልፋለች።

ሙሉ ከኔ በፊት ነው ወደ አገር የገባችው። ጎዳና ላይ ይዘዋት፣ እስር ቤት ከርማ፣ ከሌሎች ጋር ተጭና መጣች። ዛሬ ኮምቦልቻ ናት። አግብታ ፈትታለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ባልዲና ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ወንበር የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ደህና ትኖራለች። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ትጾማለች፣ ከሩቅ ቆማ ታስቀድሳለች። አትዘምርም። ልጆቿን እሹሩሩ ብላ አሳድጋ እንደሆነ አንድ ቀን ልጠይቃት አስቤ፣ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

እትዬ ደብሪቱም አርጅታ፣ ኩላሊቷ ታሞ ተመለሰች። አንድ ጊዜ ጠርታኝ «ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ብትመጣልኝ ደግሞ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር» አለችኝ። ኮምቦልቻ ወርጄ ለሙሉ ነገርኳት። ባልዲዎቹን እየደረደረች አዳመጠችኝ።

«ይቅር ብያታለሁ በያት» አለች። «ላያት ግን አልፈልግም።»

«የሱዓድን ያህል እንኳ አልበደለችሽም እኮ!»

ሙሉ ዘወር ብላ አየችኝ። «የሱዓድን ረስቼዋለሁ። ፕላስተሩ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር መሰለኝ፤ እንጃ። የእትዬ ደብሪቱ እጅ ግን ሽንኩርት ይሸት ነበር፤ የአገር ቤት ሽንኩርት፣ የወጥ። የእናቴን እጅ ነበር የሚሸተው።»

እትዬ ደብሪቱ እንደዚያው ሞተች። የሙሉን መልእክት ነግሬያታለሁ፤ የሽንኩርቱን ግን አልነገርኳትም።

ዘንድሮም በገና ማግሥት ሙሉን ልጠይቃት ወረድኩ። ሱቋ ውስጥ ተቀምጠን ከቤት ያመጣችውን ዶሮ ወጥ ስንበላ፣ ከማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያ መዝሙር ይለቀቅ ነበር፤ የወጣቶች መዘምራን፣ ብዙ ሆነው፣ በሙሉ ጉሮሯቸው። ሙሉ ተነስታ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችው። «አቧራው» አለች። ነፋስ አልነበረም። እኔም እንጀራውን አጥፌ ጎረስኩ።

ወደ ደሴ ስመለስ፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ፣ እንደ ሁልጊዜው አወጣሁ አወረድኩ። ሱዓድን እግዚአብሔር ይፍረድባት ማለት ቀላል ነው፤ እላለሁ፣ ይወጣልኛል። እትዬ ደብሪቱን ግን ምን ልበል? ያን ጊዜ እጇን ባትጭን ኖሮ፣ ከዚያ ክፍል ስንቱ ሰው ታስሮ፣ የስንቱ እናት ቤት ፈርሶ ይቀር ነበር? እኔ ብሆን አፏን አላፍንም ነበር ወይ? ትክክል ነበረች። ዞሬ ዞሬ የምደርሰው እዚያ ነው፤ ትክክል ነበረች። ይሄን ያህል ዓመት ጨካኝ ሆና ባገኛት ብዬ ስፈልግ ኖሬ፣ አላገኘኋትም።